በርካሽ ጊታር ሆድ ውስጥ

የኤሌክትሪክ ጊታር የድምፅ ማዞሪያ ድምፅ አይጨምርም። ከ1 እስከ 10 የተጻፈበት ይህ ቁልፍ ወደ ቀኝ ሲዞር ጊታሩን የሚከፍት፣ ወደ ግራ ሲዞር የሚዘጋ ይመስላል። ሥራው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከክሩ የመጣውን ጥቂት ኤሌክትሪክ እየቆነጠረ ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት መስመር፣ መስደድ። 10 ላይ ሲቆም የሚቆነጥረው በጣም ትንሹን ነው፤ 1 ላይ ሲደርስ ለአምፕሊፋየሩ የሚተርፈው እንጥፍጣፊ ነው። ባትሪ በሌለው ጊታር ውስጥ፣ አብዛኞቹም ባትሪ የላቸውም፣ የክሩን ውዝዋዜ ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ፒክአፕ ኬብሉ እስከሚሰካበት ጃክ ድረስ ኃይል የሚጨምር አንዲት ዕቃ አትገኝም። ሁሉም ቀናሽ ነው። ይህን ማወቅ አያስቸግርም፤ ሥዕላዊ ንድፉን ያየ ሁሉ ይረዳዋል። አምኖ መቀበሉ ግን ይከብዳል፤ ርካሽ ጊታሩን ሊያሻሽል ካቻቪቴ ያነሳ ሰው ሁሉ የሚነሳው ሊጨምርበት ነውና።

ካቻቪቴው የሚገልጠውን እንይ። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ያቀረበው ስትራቶካስተር በብዛት ከተቀዱት ጊታሮች ግንባር ቀደሙ ነው። ቅጂው ዛሬ በቻይናና በኢንዶኔዥያ ፋብሪካዎች እንደ ጉድ ይመረታል። እንጨቱን የሚቀርጸው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ስለሆነ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙም ያማረ ነው፤ ከመድረክ ታች ቆሞ ከውዱ ዘመዱ የሚለየው ሰው ብርቅ ነው። ልዩነቱ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። አሥራ አንዱ ብሎን ተፈቶ የፊቱ ፕላስቲክ ሲገለበጥ ቀጫጭን ሽቦ፣ ከማዞሪያዎቹ ሥር የተቀመጡ አነስ ያሉ ፖቴንሽዮሜትሮች፣ በፕላስቲክ ሣጥን የታሸገ ስዊችና ሦስት ፒክአፕ ይታያሉ። እያንዳንዱ ፒክአፕ ስድስት የብረት ችንካሮች አሉት። ችንካሮቹ በራሳቸው ማግኔት አይደሉም፤ ከሥራቸው በሙጫ የተለጠፈ የሴራሚክ ማግኔት ጉልበቱን ያውሳቸዋል። በውዱ ጊታር እያንዳንዱ ችንካር አልኒኮ ከሚባለው የብረት፣ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ የተሠራ ራሱን የቻለ ማግኔት ነው። ፋብሪካው ገንዘቡን የቆጠበው ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነው። ይህን ተንኮል ለማለት አልደፍርም። ሱቅ ውስጥ የሚገዛው ዓይን ነው፤ ጆሮ ዘግይቶ ይመጣል። ፋብሪካው ለቀዳሚው ደንበኛ ቅድሚያ ሰጠ፣ ሌላ ምን አደረገ?

ፒክአፑ ራሱ ደግሞ በሚገርም ሁኔታ ድምፅ የማይሰማ ዕቃ ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት መስክ በተለዋወጠ ቁጥር ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የፒክአፑ ማግኔት ከበላዩ የተዘረጋውን የብረት ክር ማግኔት ያደርገዋል፤ ክሩ ሲርገበገብ መስኩን ያውከዋል፤ ከሁከቱም ኤሌክትሪክ ይወለዳል። አየር በዚህ ሁሉ ውስጥ ድርሻ የለውም። አጥብቆ የተጠቀለለና በሰም የተጠመቀ ፒክአፕ አጠገቡ ቢዘፍኑም ቢያለቅሱም ደንታ አይሰጠው። በገና ቢያስጠጉበት ከናካቴው ደንቆሮ ነው፤ ጅማቱ ከበግ አንጀት የተሠራ ነዋ። ብረት ክር የታሰረበት ክራር ሲመጣ ግን ወዲያው ጆሮው ይከፈታል። እንግዲህ እኛ ዜማ፣ ትዝታ፣ ባቲ የምንለው ሁሉ ለፒክአፑ የብረት ውዝዋዜ ነው። ጊታሩ የተሠራበት እንጨት ለድምፁ ምን ያህል ያዋጣል በሚለው ክርክር ስንት ምሽት እንደባከነ የሙዚቃ ሰዎች ያውቃሉ፤ እኔ ሱቆቹ ከሚሉት በእጅጉ ያነሰ ነው ከሚሉት ወገን ነኝና አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ጭማሪው ምኞት። የርካሽ ጊታር ባለቤት የመጀመሪያ ሐሳቡ «የሚጮህ» ፒክአፕ መግጠም ነው። የተለመደው የስትራቶካስተር ዓይነት ፒክአፕ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከሰው ፀጉር የማይበልጥ የመዳብ ሽቦ ከ7 ሺሕ ዙር በላይ የተጠቀለለበት ነው። ተፈትቶ ቢዘረጋ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከአራት ኪሎ ተነስቶ ፒያሳ ለመግባት ምንም ያህል አይቀረውም። ዙሩ ሲጨመር ክሩ በተነካ ቁጥር የሚወለደው ቮልቴጅ ያድጋል፣ አምፕሊፋየሩም ቶሎ ይጮኻል። ይህ ጭማሪ ይመስላል፤ ነገር ግን ዙር በበዛ ቁጥር የጥቅሉ ኢንዳክታንስ ይጨምርና ፒክአፑ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የድምፅ ክልል ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ክልል በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ፣ ክሩ ገና በጥፍር ሲነካ የሚፈነጥቀው ያ ብልጭታ፣ ይደበዝዛል። ጩኸት የገዛ ሰው በብልጭታ ከፍሏል። አንድ ቀን ሁለቱንም የያዘ ፒክአፕ ይመጣል ብለው የሚጠብቁ አሉ። ማስታወቂያው በየጊዜው ይመጣል፤ ያንን ፒክአፕ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ከሁሉ ይልቅ ይህን የመቀነስ ሒሳብ ፊት ለፊት የተጋፈጠው ሰው ሴዝ ላቨር ይመስለኛል። ላቨር የጊብሰን ኩባንያ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ነበር። ችግሩም ጉምጉምታ ነበር። የሽቦ ጥቅል የክሩን ሁከት ብቻ መርጦ አይቀበልም፤ በአካባቢው ካሉ ትራንስፎርመሮችና የመብራት ሽቦዎች የሚወጣውንም መስክ እኩል ይጠጣል። ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ የአንደኛውን የሽቦ አዟዟር ከሁለተኛው ጋር አቃረነ፣ ማግኔታቸውንም እንዲሁ። ከውጭ የሚመጣው ጉምጉምታ ማግኔቱን ስለማያውቅ በሁለቱ ጥቅሎች ተቃራኒ ሆኖ ይወጣና ይጣፋል። የክሩ ምልክት ግን ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ተመልሶ ቀጥ ይላል፤ ይደመራል። የፈጠራ ማመልከቻውን እ.ኤ.አ. በ1955 አስገባ፣ መብቱ በ1959 ተሰጠው። እንዲህ ያለ ጥራት ያለው ሐሳብ በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ጠላትን ለማጥፋት ጠላትን በእጥፍ መጋበዝ። ዋጋው ግን አልቀረም። ሁለቱ ጥቅሎች ክሩን የሚያዩት ከሁለት ቦታ ስለሆነ፣ በሁለቱ ነጥቦች ተቃራኒ የሚወዛወዙ ቀጫጭን ድምፆችም ከጉምጉምታው ጋር አብረው ይጠፋሉ። ሀምበከር የተባለው የዚህ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ «ወፍራምነት» ተብሎ የሚወደሰው፣ በከፊል፣ የጎደለ ነገር ስም ነው።

ስለ ላቨር ፒክአፕ ሌላም የሚያስቅ ታሪክ አለ። ጊብሰን ከፒክአፑ ሥር «የባለቤትነት መብት ተጠይቆበታል» የሚል ትንሽ ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ መብቱ ከተሰጠ በኋላም ለጥቂት ዓመታት ቀጠለበት። ከዚያ በኋላ የለጠፈው ቁጥር ደግሞ የፒክአፑ ሳይሆን የጊታሪስቱ የሌስ ፖል የክር ማሰሪያ የፈጠራ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። የዚያ ዘመን የመጠቅለያ ማሽኖች ዙሩን በትክክል ቆጥረው የሚያቆሙ ስላልነበሩ አንዱ ፒክአፕ ከሌላው ይለያል፤ አንዱ የበዛ፣ ሌላው ያነሰ ዙር ይዞ ወጥቷል። ዛሬ ሰብሳቢዎች ለነዚያ ባለወረቀት ፒክአፖች ብዙ ሺሕ ዶላር ይከፍላሉ። በእጃቸው የሚጠቀልሉ ባለሙያዎችም ሽቦውን ሆን ብለው እያዛነፉ ያንን ወጥ አለመሆን ያስከፍላሉ። የርካሹ ጊታር ፒክአፕ በበኩሉ በኮምፒዩተር ተቆጥሮ፣ ዙሩ ሳይዛነፍ፣ እያንዳንዱ ከወንድሙ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ በዚህም ይናቃል። እንከን የለሽነት ሲረክስ እንከን ይወደዳል። የዋጋ ነገር እንዲህ ነው፤ ከጆሮ ጋር የሚገናኘው አልፎ አልፎ ነው።

ጉምጉምታን ካነሳን ትንሽ እንቆይበት፤ ርካሽ ጊታር ያለው ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚማረረው በእሱ ነው። የኢትዮጵያ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካው 60 ጊዜ። 50 ኸርዝ ከጊታሩ ወፍራም ክር በታች ያለውን ሶል ትንሽ አለፍ ብሎ የሚገኝ ድምፅ ነው። 60 ኸርዝ ደግሞ በሲ ቤሞልና በሲ መካከል ይወድቃል። አዲስ አበባ ላይ የሚያጉረመርም ጊታር ወደ ሶል ያዘነብላል፤ ዋሽንግተን የደረሰ ወንድሙ ማንም በማይዘፍንበት ስንጥቅ ውስጥ ያጉረመርማል። ዋሽንግተን ያሉ የእኛ ሰዎች ስለ ስደት ብዙ ብለዋል፤ ይህንን ግን ያስተዋሉት አይመስለኝም።

መድኃኒቱ ተብሎ በብዛት የሚደረገው የጊታሩን ሆድ በመዳብ ወረቀት መሸፈንና ወረቀቱን ከግራውንድ ጋር መበየድ ነው። ይህ የሚከለክለው የኤሌክትሪክ መስክን ነው፤ እዝዝ የሚለውን፣ ከፍሎረሰንት መብራትና ከስልክ ቻርጀር የሚመጣውን። ከትራንስፎርመር የሚወጣው ዝቅ ያለ የማግኔት ጉምጉምታ ግን ቀጭን መዳብ ምንም አይመስለውም፤ ሰተት ብሎ ያልፋል። እሱን የሚያጠፋው የላቨር ሁለት ጥቅል ነው። መዳቡን በጥንቃቄ ለጥፎ፣ በይዶ፣ አሁንም ጉምጉምታ የሚሰማ ሰው ያልተሳካለት ይመስለዋል። ተሳክቶለታል፤ ያጠፋው ሌላውን ነው።

ከዚህ የባሰ የሚገርመው የሰውየው ገላ ነው። ክሩን ስትለቅ ጉምጉምታው ይጨምራል፣ ስትነካ ይቀንሳል። ምክንያቱም ሰውነታችን የክፍሉን የኤሌክትሪክ ሁከት ተቀብሎ በቅርበቱ ወደ ጊታሩ የሚያስተላልፍ ትልቅ አንቴና ነው። ከጊታሩ ድልድይ ወደ ግራውንድ የተዘረጋች አንዲት ሽቦ አለች፤ ክሮቹ በእርሷ በኩል ከግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጣት ክሩን ሲነካ ያ አንቴና ሰው ራሱ ግራውንድ ላይ ይታሰራል፣ ዝም ይላል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር የተበላሸበት መስሎት ይጨነቃል። እኔ ደግሞ ጊታር ስለ ተጫዋቹ ከሚናገራቸው ነገሮች ሁሉ እውነተኛው ይኸው ይመስለኛል፦ ሁከቱን ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ፤ ከእኔ ጋር እስከተነካካህ ድረስ ግን አይሰማም። ይህን ያለው ጊታሩ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኔ እንዲህ ያለውን አነጋገር ለመዝሙር ጻፊዎች እተዋለሁ።

ወደ ማዞሪያዎቹ ልመለስ። ነጠላ ጥቅል ላላቸው ጊታሮች የተለመደው ፖቴንሽዮሜትር 250 ኪሎ ኦም ነው፤ ለሀምበከር 500። ቁጥሩ የሚለካው ማዞሪያው ሙሉ ተከፍቶም ቢሆን ምልክቱ ወደ ግራውንድ ሾልኮ የሚሄድበት መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ነው። 250 ሰፊ መንገድ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ይሾልካል። 500 ጠባብ ነው፤ ይቀራል። ስለዚህ ብልጭ ያለውን ነጠላ ጥቅል በ250 ያለዝቡታል፣ የደበዘዘውን ሀምበከር በ500 ያተርፉታል። የቶን ማዞሪያው ደግሞ ከኋላው አንድ ካፓሲተር ይዟል፤ ብዙውን ጊዜ 0.022 ወይም 0.047 ማይክሮፋራድ። ካፓሲተር ቀጭን ድምፅን ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ያግዳል፤ የሚያሳልፈው ግን ወደ ግራውንድ ነው፤ ያለፈው አይመለስም።

ስለ ካፓሲተር የሚወራው ወሬ ማለቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዘይትና በወረቀት የተሠሩት ነፍስ አላቸው ይባላል፤ በዚያ ወሬ ላይ የቆመ ገበያም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገኘው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ጥግ ከሸጎጠው ነው፤ አለበለዚያ የሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ነው። መርካቶ ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ካፓሲተር ስጠይቃቸው ቁጥሩን ብቻ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከሞተ ሬዲዮ ሆድ አንዱን በፒንሳ ቆርጠው፣ በመሣሪያቸው ለክተው ሰጡኝ። «ለጊታር ድምፅ ጥሩ ነው ግን ጋሼ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱ ጊታር ውስጥ ይግባ ሬዲዮ ውስጥ ምን ያውቃል?» አሉኝ። ስለ ጉዳዩ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ይበልጣል። በዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ደረጃ ቁጥሩ እኩል ከሆነ ልብሱ ወረቀት ይሁን ፕላስቲክ የሚለይ ጆሮ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጆሮ ራሱ ግን በማዞሪያው ውስጥ ቦታ ተይዞለታል። ጆሯችን የድምፅን መጠን የሚመዝነው በእኩል እርምጃ ሳይሆን በብዜት ነው። የርካሽ ጊታር ፋብሪካ አንዳንዴ መስመራዊ ፖቴንሽዮሜትር ይገጥማል፤ ያን ጊዜ ማዞሪያው ከ10 እስከ 3 ሲወርድ ብዙ የተለወጠ አይመስልም፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ገደል ይገባል። ለድምፅ ተብሎ የሚሠራው ሎጋሪዝማዊ ፖቴንሽዮሜትር ግማሽ መንገድ ላይ ከቮልቴጁ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ያስተርፋል፤ ይህ በቁጥር ሲታይ አድልዎ ነው፣ በጆሮ ሲሰማ ግን ከእኩል እርምጃ ብዙም አይርቅም። ትክክል የሆነው መስመር ሐሰት ይሰማል፣ የተጣመመው እውነት። በጣም ርካሽ ከሆኑት ለውጦች መካከል ከሁሉ የሚያረካው ይህ ይመስለኛል፤ ምንም አዲስ ድምፅ አያመጣም፣ የነበረውን ድምፅ ግን ለእጅ ይገዛል።

ስለ ኬብሉ ሁለት ቃል። የጊታር ኬብል በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ይይዛል፤ እሱም ሳይጠየቅ የሚሠራ ካፓሲተር ነው። ከፒክአፑ ጥቅል ጋር ተጣምሮ ያንን ጎልቶ የሚሰማ የድምፅ ክልል የሚወስነው እሱ ነው። 3 ሜትሩን በ6 ሜትር ኬብል የለወጠ ሰው ሳያውቀው ፒክአፑን ነክቷል። «የዚህ ፒክአፕ ድምፅ» የሚባለው ነገር እንግዲህ የት ነው ያለው? ፒክአፑን ብቻ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ድምፅ የለውም። ክር፣ ፖቴንሽዮሜትር፣ ኬብል፣ አምፕሊፋየር ሲጨመርለት የሁሉም የጋራ ልማድ ሆኖ ይወጣል። ዕቃው የሚሸጠው ግን ለብቻው፣ በሚያምር ካርቶን ነው፤ ካርቶኑም ላይ ድምፁ በቅጽል ተገልጿል።

ጊታር ሠሪዎች ያላሰቡት ድምፅ ከሠሪዎቹ ሐሳብ ይልቅ ዕድሜ ያገኘበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ስትራቶካስተር ሦስት ፒክአፕና ሦስት ማረፊያ ያለው ስዊች ነበረው፤ አንድ ማረፊያ ለአንድ ፒክአፕ። ተጫዋቾች ስዊቹን በሁለት ማረፊያዎች መካከል ሲያቆሙት ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲሠሩ አገኙ፤ ባዶና ጥርት ያለ፣ መሀሉ የተቦረቦረ ድምፅ። ለዚያ ቦታ ስም አልነበረውም፣ ስዊቹም እዚያ መቆም አይወድም፣ ሲነኩት ይንሸራተታል። ፌንደር አምስት ማረፊያ ያለውን ስዊች በመደበኛነት የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ዛሬ ከሁሉ ርካሹ ቅጂ እንኳ አምስት ማረፊያ አለው። ጊታር ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ አባት ካለው፣ ያ በሁለት ማረፊያ መካከል የተወዘፈ ስዊች ነው፤ መሣሪያው ከሚፈቅደው ውጭ ሆኖም መሣሪያው ውስጥ የነበረ ነገር።

የፒተር ግሪን ጉዳይ ግን ከዚህም ይጠልቃል። የፍሊትዉድ ማክ ባንድ መሥራችና ጊታሪስት የነበረው ግሪን ይጫወትበት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. የ1959 የጊብሰን ሌስ ፖል ጊታር፣ አንገቱ አጠገብ ባለው ፒክአፕ ውስጥ ማግኔቱ ተገልብጦ ገብቷል። አንዱ ፒክአፕ ብቻውን ሲሠራ ምንም አይታወቅም። ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ግን አንዱ ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ይላል። የሚመሳሰሉበት ሁሉ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ፣ እርስ በርሱ ይጣፋል። የሚቀረው ልዩነታቸው ብቻ ነው። ቀጭን፣ አፍንጫ ውስጥ የሚያልፍ፣ ከሩቅ የሚጣራ የሚመስል ያ ድምፅ የሰውየው መታወቂያ ሆነ። ጊታሩ በኋላ በጊታሪስቱ ጋሪ ሙር፣ ከዚያም በሜታሊካው ከርክ ሃሜት እጅ ገብቷል። ሌሎች ደግሞ በጤነኛ ፒክአፕ ውስጥ ያለውን ማግኔት አውጥተው እየገለበጡ ያንን ጉድለት ይገለብጡታል። ለእኔ ከመቀነስ ሁሉ ንጹሑ ይህ ነው። ሁለት ነገሮች የተስማሙበትን በሙሉ ሰርዞ፣ ያልተስማሙበትን ጥቂት ትርፍ ብቻ ማሰማት፤ ያም ትርፍ ከስምምነቱ ይልቅ የሰው ድምፅ ሊመስል መቻሉ። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ንድፍ አላገኘሁም። ድምፅ ማዞሪያዎቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ነገሩ ይበላሻል፤ አንዱ ጥቂት ካየለ መጣፋቱ ይቀራል፣ ተራ ጊታር ይሆናል። ለመጣፋት እንኳ እኩያነት ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁሉ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን የሚያስቀኝ ሰው ነው። ፋብሪካ የጣለውን የጊታር ሰውነት በ50 ዶላር፣ አንገቱን በ80 ዶላር ገዛ፤ ከጊብሰን ጊታር የነቀለውን ሀምበከር እንዳይንጫጫ በሰም ነክሮ ገጠመበት። ሌላውን ሁሉ ተወው፤ አንድ የድምፅ ማዞሪያ ብቻ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ሲቀዳ ያ ጊታር ጥቅም ላይ ውሏል። ማዞሪያው ላይ የተጻፈው ግን «ቶን» ነው፤ በእጁ የነበረው ያ ቁልፍ ስለሆነ ያንን ሰካበት። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ደግሞ ከአባቱ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ጊታሩን ራሱ ሠራው፤ የአንገቱ እንጨት ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ ጠርዝ የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ፒክአፕ አንድ መክፈቻና አንድ መገልበጫ ስዊች ሰጠው፤ ግሪን በአጋጣሚ ያገኘውን እሱ በዕቅድ ገጠመው። አንዱ ሁሉን አወጣ፣ አንዱ ሁሉን ጨመረ። ሁለቱም ከማንም ጋር አይምታቱም፤ ስለዚህ «ቀላሉ ይሻላል» ወይም «ብዙው ይሻላል» የሚለው ክርክር በእነዚህ ሁለት ሰዎች ፊት አፉን ቢይዝ ጥሩ ነው።

አሁን የማይወደደውን ልናገር። ርካሽ ጊታሩን ፈትቶ፣ በይዶ፣ ገጥሞ የጨረሰ ሰው የሚሰማው መሻሻል ግማሹ ከፒክአፑ አይደለም። ፒክአፕ ለመለወጥ ክሮቹ ይፈታሉ፤ አዲስ ክር ይታሰራል፤ አዲስ ክር ደግሞ ሁልጊዜ ያንጸባርቃል። የፒክአፑ ከፍታም ይለወጣል፤ ወደ ክሩ አንድ ሚሊ ሜትር መቅረቡ ብቻ ድምፁን ያደምቀዋል። ይህን ሁለት ብሎን በማዞር በነጻ ማድረግ ይቻል ነበር። በቀድሞው ድምፅና በአዲሱ መካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የእርሳስ ጢስና የብየዳ ሥራ ስላለፈ፣ ጆሮ የሚያወዳድረው ድምፅን ከትዝታ ጋር ነው፤ የድምፅ ቀለም ትዝታ ደግሞ ቶሎ ይሟሽሻል። ገንዘብና ድካም ያወጣ ጆሮ ፍርዱን አስቀድሞ ጽፎ ይቀመጣል። ይህ ለጊታር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ጊታር ላይ ግን በደንብ ይታያል።

ታዲያ ለምን ይደረጋል? በሒሳብ ከሆነ ሞኝነት ነው። ጥሩ የሚባል የፒክአፕ ስብስብ ከጊታሩ ዋጋ ይበልጣል፤ የተነካካ ጊታር ሲሸጥም ያልተነካውን ያህል አያወጣም። ግን የ1959ኙ ሌስ ፖል ያለው ሰው ካቻቪቴ አያነሳም። እዚያ ጊታር ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ብየዳ ራሱ የዋጋው አካል ነው፤ አንዲት የእርሳስ ጠብታ ብትቀልጥ ገንዘብ ትቀልጣለች። ስለዚህ ባለቤቱ የገዛውን ነገር ውስጡን አያውቀውም፤ በመስታወት ያየዋል፣ ባለሙያ ይጠራለታል። ርካሹ ጊታር ግን እንዲህ ያለ ክብር የለውም። ክብር ስለሌለው ይከፈታል፤ ስለተከፈተም ይታወቃል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኳየር ጋር ጊታር የለመደ ልጅ፣ በቻይና ጊታሩ ላይ የግራውንዱ ሽቦ ከየት ወደ የት እንደምትሄድ በጣቱ እየተከተለ ያወቀው ነገር፣ መስታወት ውስጥ ያለው ጊታር ባለቤት አያገኘውም። ሀብት ከዕውቀት የሚያግድበት ቦታ ብዙ ነው፤ እንዲህ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ግን ጥቂት ነው።

ስንት መቀነስ ይቻላል የሚለውን እስከ ጫፉ የሞከሩም አሉ። የቶን ማዞሪያው 10 ላይ ሲደርስ ከመስመሩ ፈጽሞ የሚወጣበት ፖቴንሽዮሜትር ይሸጣል። ሳይገዙም ይሠራል፤ ፖቴንሽዮሜትሩን ከፍቶ የካርቦን መንገዱ ጫፍ ላይ የጥፍር ቀለም መቀባት ይበቃል። ያን ጊዜ ትንሽ ብልጭታ ይጨመራል፤ «ተከፍቷል» ሲባል እንኳ እየተወሰደ የነበረው ነው። ከዚያም አልፈው ማዞሪያዎቹን በሙሉ አውጥተው ፒክአፑን በቀጥታ ከጃኩ ጋር የሚበይዱ አሉ። ለእኔ ጆሮ ያ ድምፅ ይሰነፍጣል፤ ለብዙ ተጫዋችም እንደዚያው ይመስለኛል፣ ጥቂት ቆይተው አንዱን ማዞሪያ ሲመልሱ አይቻለሁና። ሲያማርሩበት የነበረው ስርቆት ድምፁን የሚያለዝብ ሞረድ ነበር።

ሁሉም ነገር ቢወጣ እንኳ ቅነሳው አያቆምም፤ ክሩ ላይ ይጀምራል። ክር መሀሉ ላይ ቢመታ ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ተጓዳኝ ድምፆች አይነሱም፤ የሚያርፉበት ነጥብ ላይ ስለተመታ። ድልድዩ አጠገብ ሲመታ ቀጫጭኖቹ ይበረክታሉ፤ ይህ ልዩነት በ250 እና በ500 ኪሎ ኦም መካከል ካለው ልዩነት በጣም ይሰፋል። ፒክአፑም እንዲሁ ከበላዩ የማይወዛወዘውን አያይም። የስትራቶካስተር የአንገት ፒክአፕ የተቀመጠው ከድልድዩ የክፍት ክር ርዝመት ሩብ ገደማ ላይ ነው፤ የአራተኛው ተጓዳኝ ድምፅ እረፍት ያለበት ቦታ። ስለዚህ ክፍት ክር ሲመታ ያንን ድምፅ ከሞላ ጎደል አይሰማውም፤ ውድ ፒክአፕ ቢሆንም ርካሽ። ግራ እጅ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያርፍ ግን ክሩ ያጥራል፣ የእረፍቱ ነጥብ ወደ ድልድዩ ይሸሻል፣ የጠፋውም ድምፅ ይገባል፤ በምትኩ ሌላው ይደበዝዛል።